ከጥናቱ የቀደመው ጥቅም

ፌብሩዋሪ 3

ፒፓ ዛሬም "ማን ይጠቀማል?" ብላ ጠየቀችኝ። "ቀንድ አውጣዋ" አልኳት። አዝና አየችኝና "ግሬታዬ፣ ቀንድ አውጣ እኮ ኅብረተሰብ አይደለችም" አለች።

ፒፓ የዩኒቨርሲቲያችን የጥቅም አማካሪ ናት። እኛ ተመራማሪዎች ገንዘብ ስንጠይቅ ጥናታችን ለሕዝብ ምን እንደሚፈይድ አስቀድመን እንድናቅድ ትረዳናለች። ዕድሜዋ የእኔን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ፈገግታዋ ግን የእኔ እጥፍ ነው።

የእኔ ቀንድ አውጣ ሰሊጥ ታክላለች። በዓለም ላይ የምትኖረው በአንድ ምንጭ ብቻ ነው። ከከተማችን ከአደሌድ ወደ ሰሜን፣ በአውስትራሊያ በረሃ ቀኑን ሙሉ ተነድቶ፣ ተርነርስ ዌል የምትባል ከተማ ታልፎ፣ ክላሪ ቦውደን የሚባል ከብት አርቢ መሬት ላይ። ምንጩ በየዓመቱ እየጎደለ ነው፤ ለምን እንደሚጎድል ለማወቅ ደግሞ ሦስት ዓመት መለካት ይፈልጋል። የሥራ ውሌ ጁን መጨረሻ ላይ ያበቃል። የማመለክትበት የምርምር ፈንድ ገንዘቡን ከሰጠኝ እቀጥላለሁ። ካልሰጠኝ እኔም ሥራ የለኝም፣ እሷንም ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

በማመልከቻው ውስጥ "ጥቅም" የሚለው ክፍል ከጥናቱ ክፍል ይረዝማል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። እኔ ግን ወተቱን በሊትር ለክተሽ አምጪ ተብያለሁ።

ፌብሩዋሪ 6

ቸኩያለሁ። ፒፓ መላ አገኘች። ተጠቃሚው የተርነርስ ዌል ሕዝብ ነው። ዛሬ ስለ ቀንድ አውጣዋ አያውቁም፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ያውቃሉ፣ ይኮራሉ። አሁን መጠይቅ፣ ኋላም መጠይቅ። "በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ጥቅሙ" አለች። ስለዚህ አሁን ባያውቁ ነው የሚሻለን። ይህን ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገች።

ፌብሩዋሪ 11፣ ተርነርስ ዌል

የሞይራ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ነኝ። አልጋው ይጮኻል።

ምሳ ላይ ባንኮኒው ጋ ለተቀመጡት ሁሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ስለ ቀንድ አውጣዋ እንደምጠይቃቸው ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም። ጨዋነት መስሎኝ ነው።

"ፈተና ነው?" አለች ሞይራ ብርጭቆ እያደረቀች።

"ፈተና አይደለም፣ መጠይቅ ነው። የምታውቁትን ብቻ መሙላት ነው።"

"ምንም ካላወቅንስ?"

"እሱ ነው የሚፈለገው።"

"አይ እንግዲህ፣ ሴትዮ፣ አታሾፊብን። ለመሆኑ የምንጠየቀው እኛ ብቻ ነን?"

"ለማነጻጸሪያ ብራንስቢም እሄዳለሁ።"

ብራንስቢ ጎረቤት ከተማ ናት። ተርነርስ ዌል እሷን በእግር ኳስ ያሸነፈችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው በሕይወት የለም። ሞይራ ብርጭቆውን አስቀመጠችና "ገባኝ" ብቻ አለች። ምን እንደገባት መጠየቅ ነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ ክላሪ ወደ ምንጩ ወሰደኝ። ከብቶቹ ምንጩን እንዳይረግጡት አጥር ሠርቶለታል፤ እኔ አልጠየቅኩትም። መኪናውንም አጥቧል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ራሱ የሠራውን የበረሃ ኮክ ማርማላታ አንድ ብልቃጥ ሰጠኝ። ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው መቼም።

ውሃው ካለፈው ዓመት ወርዷል።

ፌብሩዋሪ 25፣ ተርነርስ ዌል

ምን ብዬ ልጻፈው።

ሁሉም ያውቃሉ። መካኒኩ ጃኮ የቀንድ አውጣዋን ምላስ ከነጥርሶቹ ረድፍ በመጠይቁ ጀርባ ላይ ስሎልኛል፤ ሥዕሉ ከመጽሐፌ የተሻለ ነው። ጡረታ የወጡት መምህርት ሚስዝ ኤንራይት "ጥያቄ አራት በደንብ አልተዋቀረም" ብለው በቀይ አርመውልኛል። ሞይራ በየዓርቡ ማታ የቀንድ አውጣ ጥያቄና መልስ ውድድር ጀምራለች፤ ሽልማቱ አንድ ትሪ ሥጋ ነው። የውሃ ታንከሩ ላይ ቤት የምታክል ቀንድ አውጣ ተስላለች። እግር ኳስ ቡድኑም "ነብሮቹ" የሚለውን ስሙን ትቶ "ቀንድ አውጣዎቹ" ተብሏል።

"ለነገሩ ከድሮም ይሄኛው ነው የሚስማማን" አለኝ ጃኮ፣ አዲሱን ማሊያ እያሳየኝ።

የብራንስቢን ትናንት ሰብስቤ ነው የመጣሁት፤ የእነሱን ወረቀቶች ስሰበስብ ሞይራ አጠገቤ ቆማ ነበር። "እንዴት ነን? ብራንስቢን በለጥን?"

"በለጣችሁ።"

"በብዙ?"

"በጣም በብዙ፣ ሞይራ።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ አለቀስኩ። የደስታ ነው አልኳቸው፤ አመኑኝ፣ ቢራም ጋበዙኝ። ክላሪ ግን አላጨበጨበም፤ ከጥግ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። የእሱን ወረቀት ሳየው የላቲን ስሟን ሳይቀር በትክክል ጽፎታል። እኔ ራሴ ሁለተኛውን ቃል አንዳንዴ እስታለሁ።

ፌብሩዋሪ 27

ፒፓ ውጤቱን አይታ ወንበሯ ላይ ዝርፍጥ አለች።

"ግሬታ፣ ይሄ መዓት ነው። ጥቅሙ እኮ አለቀ።"

"አላለቀም። ደረሰ።"

"ጥናቱ ሳይጀመር? ማን ከፍሎበት?" የብራንስቢን ውጤት አወጣች። ከሞላ ጎደል ሁሉም ባዶ ነው፤ አንዱማ "ምን አገባኝ" ብሎ በትልልቅ ፊደል ጽፏል። ፒፓ ወረቀቱን የአራስ ልጅ ፎቶ እንደምታይ ሰው አየችው። "ብራንስቢ እንዴት ታምራለች" አለች። ቆየት ብላም "ተርነርስ ዌሎች ሊረሱት አይችሉም?" ብላ ጠየቀችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰው አንድን ነገር ለመርሳት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት የሥነ ልቦና ክፍል ደውላ ጠይቃለች።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። አፌን ይዤ ሳልነግራቸው በድንገት ብጠይቃቸው ኖሮ ጨዋ መሃይም ሆነው ይጠብቁኝ ነበር።

ማርች 4

አስገባን። "በአካባቢው የመጀመሪያ ደረጃ ግንዛቤ አለ" ብለን ጻፍን። የብራንስቢንም ቁጥር አያያዝን። የፒፓ ሐሳብ ነበር፤ እኔም አልተቃወምኩም።

ማርች 19

ፈንዱ መልስ ላከ። ሦስት ገምጋሚዎች በኤፕሪል ተርነርስ ዌል ሄደው "ፍላጎቱንና ክፍተቱን በአካል" ያያሉ። ፒፓ እኔ ቢሮ ድረስ ሮጣ መጣች። "ክፍተቱ መታየት አለበት" ትላለች።

ማታ ለሞይራ ደወልኩላት። ምንም እንዲያደርጉ አልጠየቅኳትም። አሠራሩን ብቻ ነው ያስረዳኋት፤ የሚያውቅ ሕዝብ ገንዘብ አያስገኝም፣ ገንዘብ ከሌለ ጥናት የለም፣ ከጁን በኋላ እኔም አልመጣም አልኳት።

"እና መሃይም ሁኑ ነው የምትይን?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ቀላል ነው ግሬታ። ዕድሜ ልካችንን ስንለማመደው ነው የኖርነው።"

ደግሜ ልጻፈው፤ እኔ አልጠየቅኳቸውም።

ኤፕሪል 9፣ ተርነርስ ዌል

ልምምድ። የከተማው ሰው በሙሉ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ሞይራ የቢራ ሳጥን ላይ ወጥታለች።

"ገምጋሚው ፕሮፌሰር 'ምንጩ ውስጥ ምን አለ?' ቢላችሁ ምን ትላላችሁ?"

"ውሃ" አለ ጃኮ።

"ጎበዝ። 'ሌላስ?' ቢላችሁ?"

"ሌላ ውሃ።"

ሚስዝ ኤንራይት አሻፈረኝ አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ፣ በስተርጅና 'አላውቅም' ልበል?" ተለመኑ፣ ተለመኑ፣ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ጆሯቸው እንደማይሰማ ሆነው መኪና ውስጥ እንዲቀመጡ ተወሰነ። በውሃ ታንከሩ ላይ ያለችው ቀንድ አውጣ በሸራ ትሸፈናለች፤ የሚጠይቅ ካለ ታንከሩ ቀለም እየተቀባ ነው ይባላል። ተጫዋቾቹ ማሊያቸውን ገልብጠው ይለብሳሉ።

ክላሪ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ጠጋ ብዬ "አንተስ ትችላለህ?" አልኩት።

"ዝም ማለት እችላለሁ። ውሸት ግን አይሆንልኝም።"

"ዝም ካልክ ይበቃል።"

"አንቺ እንዳትሄጂ ነው አይደል ይሄ ሁሉ?"

"ቀንድ አውጣዋ እንድትጠና ነው።"

"እሱን ማለቴ ነው" አለ፣ ባርኔጣውን እያየ።

ኤፕሪል 10

ሁሉ ነገር በደንብ ነበር የጀመረው። የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ኦልሰን ይባላሉ፤ ረጅም፣ ጨዋ፣ አዲስ ቦት ጫማ ያደረጉ ሰው ናቸው። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ጃኮን "ስለ ቀንድ አውጣዋ ሰምተሃል?" አሉት።

"ቀንድ አውጣ? እዚህ በረሃ ላይ?" ጃኮ አዘነላቸው። "ፕሮፌሰር፣ ውሃ ይጠጡ እስቲ። ፀሐዩ በርትቶብዎት ይሆናል።"

ኦልሰን "ሰፊ ክፍተት" ብለው ሲጽፉ ከትከሻቸው በላይ አየሁ። ፒፓ ከጠረጴዛ ሥር እጄን ጨበጠችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ፣ ሕዝቡ ሁሉ በባዶ ዓይን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ከዚያ ወደ ምንጩ ሄድን፤ ግማሹ ከተማ ተከተለን። ኦልሰን ጎንበስ ብለው ውሃውን አዩና ለባልደረቦቻቸው "እንዲህ ያሉት ፍጥረታት በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይጥላሉ። ትንሽ ቢቀንሱም ቶሎ ይተካሉ፤ ብዙም አያሳስቡም" አሏቸው።

የክላሪ አንገት ሲቀላ አየሁት። በዓይኔ ለመንኩት። ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ መሬት አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

"አንድ በአንድ ነው የምትጥለው" አለ።

"ይቅርታ?" አሉ ኦልሰን።

"እንቁላሉን። አንድ በአንድ። ሺህ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ከቀነሰች አትተካም።" ከዚያ በኋላ አላቆመም። ስለ ውሃው ሙቀት፣ ስለ አልጌው፣ ስለ ላቲን ስሟ፤ በተዋወቅንባቸው ሰባት ዓመታት ከአፉ የሰማሁት ቃል ሁሉ ቢደመር ይህን አያህልም። ጃኮም አልቻለም፤ "ድንጋይ ላይ ነው የምትለጥፈው፣ እሱን ዘለልከው" አለ። አንዱ ተጫዋች "ቅጠል ላይም ትለጥፋለች" ብሎ ተከራከረ። ማሊያው ተገልብጦ ነው የለበሰው፤ ቀንድ አውጣዋ ግን በስስ ጨርቁ ውስጥ በደንብ ትታያለች። ይባስ ብሎ የማይሰሙት ሚስዝ ኤንራይት የመኪናውን መስታወት ዝቅ አድርገው "በሌሎች ቀንድ አውጣዎች ቅርፊት ላይም ትጥላለች። መልስ ሲመለስ ተሟልቶ ነው" አሉ።

"ስለ ምን እንደሚያወሩ እኔ በበኩሌ አልገባኝም" አለች ሞይራ ጮክ ብላ። እሷ ብቻ ነበረች እስከ መጨረሻው የጸናችው።

ኦልሰን ደብተራቸውን አጠፉ።

ኤፕሪል 11

ለክላሪ ደህና ሁን ሳልለው መጣሁ። ሥራዬን አሳጣኝ። አንድ ሰዓት ዝም ማለት ምን ነበረበት? ሰውየው የተናገሩት ስህተት ነበር፤ እሱን አውቃለሁ። እኔ ግን ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ባለሙያዋ እኔ ነኝ።

ማርማላታው አልቋል።

ሜይ 3

ክላሪ በየእሁዱ ይደውላል፤ አላነሳም። መልእክት ይተዋል። "ግሬታ፣ ክላሪ ነኝ" ይላል፣ ሌላ ክላሪ የማውቅ ይመስል። ከዚያ የቆጠራቸውን ቀንድ አውጣዎችና የውሃውን ልክ ይነግረኛል፣ ይዘጋል። ውሃው እየወረደ ነው። መልእክቶቹን አልሰረዝኳቸውም፤ ለመረጃነት ነው።

ሜይ 28

ጸደቀ። ገንዘቡ በሙሉ፣ ሦስት ዓመት።

ለብራንስቢ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ "በተርነርስ ዌል ሊገኝ የሚችለው ማኅበራዊ ጥቅም ሙሉ በሙሉ ተገኝቶ ስላለቀ፣ ፕሮጀክቱ ከፍተኛ ክፍተት ወደታየባት ብራንስቢ እንዲዛወር ተወስኗል።" ምንጩ ከተጠቃሚው አካባቢ ውጭ ስለሆነ ወደዚያ የሚደረግ ጉዞ ወጪው አይሸፈንም።

ፒፓ ኬክ ይዛ መጣች።

"ብራንስቢ ውስጥ ቀንድ አውጣ የለችም" አልኳት።

"እሱ እኮ ነው ጥንካሬው። ከዜሮ ነው የምትነሺው።"

"ፒፓ፣ ምኑን ነው የማጠናው?"

አሰበች፤ ከልቧ ነው ያሰበችው። "የጥናቱን ክፍል ማሳጠር ይቻላል" አለች።

ፈረምኩ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሌላ ሙያ የለኝም። ኬኩንም በላሁ።

ጁን 6፣ ተርነርስ ዌል

በስልክ የሚነገር አልነበረም፤ ሄጄ ነገርኳቸው።

"ለብራንስቢ?" አለች ሞይራ።

"ቀንድ አውጣዋ እዚሁ ናት። የሚሄደው ጥናቱ ነው።"

"ለብራንስቢ።" ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። "ካንቺ ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ደጅ ነበር። ዕድሜያችንን ስንሸነፍ ኖርን። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ በአንድ ነገር በለጥናቸው፤ ስለበለጥናቸው ተሸነፍን።"

ጃኮ "ያው ቀንድ አውጣዎቹ ነን" አለ፤ ማንም አልሳቀም። ክላሪ ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገና ወጣ። ቢራውን አልጨረሰም፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ይጨርሳል። ተከትዬው ልወጣ ነበር። በምን ምክንያት ብዬ እንደምከተለው ሳስብ የመኪናው ድምፅ ራቀ።

ጁን 17፣ ብራንስቢ

ሥራ ጀመርኩ። አዳራሹ ሞቃት ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። የአዳራሹ ኃላፊ ወንበር እየደረደረ "እንዳላሳፍርሽ ብዬ ትናንት ስለ ቀንድ አውጣዋ ትንሽ አነበብኩ" አለኝ።

ደነገጥኩ። "እባክህን አታንብብ። የመጀመሪያው መጠይቅ እስኪሞላ፣ እስከ ሴፕቴምበር ምንም አታንብብ።"

"ሄጄ ባያትስ? ሩቅ አይደለም እኮ።"

"እሱማ ጨርሶ አይሆንም።"

"ይሄ ሁሉ እንድናውቃት አይደለም እንዴ?"

"ነው" አልኩት። "ግን በዕቅዱ መሠረት።"

ግራ ገብቶት ወንበሩን መደርደር ቀጠለ። እኔ ነኝ ይህን የተናገርኩት፣ በራሴ አንደበት። ድምፄ የፒፓን ይመስል ነበር።

ጁን 21

እሁድ ነው። ጠዋት ተነስቼ ወደ ምንጩ ነዳሁ። ለማንም አልተናገርኩም። በራሴ መኪና፣ በራሴ ነዳጅ።

ክላሪ መለኪያውን ይዞ ውሃው ዳር ተንበርክኮ አገኘሁት። ቀና አላለም። "ፈንዱ ፈቀደልሽ?"

"አልፈቀደም። ለሥራ አይደለም የመጣሁት።"

"ታዲያ?"

"እንዲሁ። እንደ ማንም ሰው።"

ቁጥሩን ጻፈ፣ እርሳሱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። "ስለዚያ ቀን..." አለ። "ዝም ልል ነበር። ምራቄን ሁሉ ዋጥኩ። ሰውየው ግን ተሳስቶ ነበር።"

"አውቃለሁ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ፈራሁ፣ ክላሪ።"

ራሱን ነቀነቀ። ነፋሱ ብርድ ነበረው። ኮቱን አወለቀና ድንጋዩ ላይ አነጠፈልኝ።

"እንደ ማንም ሰው ነው የመጣሁት ነው ያልሽው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ኅብረተሰብ ነሽ ማለት ነው።" ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም፤ ጢሙ ግን ተንቀሳቅሷል። "ቁጭ በይ፣ ላስረዳሽ።"

ተቀመጥኩ። አንዲቱን ቀንድ አውጣ በእርጥብ ጣቱ አንስቶ ዓይኔ ሥር አመጣልኝ። ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ምንጩ ስንት ሺህ ዓመት እንደቆየ፣ ለምን ሌላ ቦታ እንደሌለች። ቀስ እያለ ነው የሚናገረው፣ በየመሃሉ ገብቶኝ እንደሆነ ያየኛል። ደስ አለኝ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"እዚህች ጋ ትንሽ በር አለቻት፣ አየሽ?" አለኝ። "ማታ ማታ ዘግታ ትተኛለች።"

አትተኛም። በሩን የምትዘጋው ውሃ ሲጎድልባት ነው፤ በቅርፊቷ ውስጥ ያለችውን ጥቂት እርጥበት ይዛ ለመቆየት። ጠዋት መሆኑን፣ በሩም ዝግ መሆኑን አየሁ። እሱም ውሎ አድሮ ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ አብረን እንነጋገራለን።

"ቀጥል" አልኩት።